«በመጠን ኑሩ» ማለት በልክ አጭሱ ማለት አይደለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው ሰኔ 24 የአባታችንን የቅዱስ ሙሴ ጸሊምን በዓል አክብረን ከቅዳሴ ወጣን። አዳራሽ ውስጥ ምግብ እየቀረበ ሳለ ሦስት ወጣቶች ከበቡኝ። እዚሁ ሜሪላንድ ያደጉ ልጆች ናቸው። አንዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዲያቆን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሞከርስ? ምን እንደሚመስል ለማወቅ ብቻ?» አለችኝ። ስለ ዊድ፣ ስለ ማሪዋና ነው የምትጠይቀኝ። ሌላው ቶሎ ብሎ «መጽሐፉም እኮ በመጠን ኑሩ ነው የሚለው፤ አትንኩ አላለም» አለ። ሊቀልድብኝ አልነበረም። ከልቡ እንደዚያ ገብቶታል።

ሰው ይጠብቀኝ ስለነበር አጭር መልስ ሰጥቻቸው ሄድኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ነገሩ ውስጤን ይበላኛል። ለእነዚያ ልጆች ልሰጥ የሚገባኝን መልስ እነሆ አሁን ጻፍኩት።

እዚህ ግዛት ውስጥ ዕድሜው 21 ለሞላ ሰው የዊድ ሱቆች በይፋ የተከፈቱት በፈረንጆች ጁላይ 1 ቀን 2023 ነበር። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 24 ቀን 2015 ዓ.ም. ማለት ነው። የሙሴ ጸሊም ዕለት። ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሱቁ በር ላይ ሰልፍ አይቻለሁ። ወንበዴና ሰካራም የነበረው፣ በኋላ በግብፅ በረሃ በገዳመ አስቄጥስ የመነኮሳት አባት የሆነው ሰው በሚታሰብበት ቀን! እስካሁን ሳስበው ልቤ ይነካል።

ወደ ጥቅሱ ልምጣ። ቅዱስ ጴጥሮስ እንዲህ ይላል፦ «በመጠን ኑሩ ንቁም፤ ባላጋራችሁ ዲያብሎስ የሚውጠውን ፈልጎ እንደሚያገሣ አንበሳ ይዞራልና» (1ኛ ጴጥ. 5፥8)። ልጁ «መጠን» የሚለውን ቃል ይዞ ነው የተከራከረኝ። ትንሽ ከሆነ ችግር የለውም ማለቱ ነው። አማርኛችን እንደዚያ ሊያሰማ ይችላል፤ አልፈርድበትም። ሐዋርያው በጻፈበት በግሪክኛው ግን ቃሉ ከመጠጥ የጠራ አእምሮ ይዞ መኖር ማለት ነው። ያልሰከረ፣ ያልፈዘዘ፣ ዓይኑ የተገለጠ ሰው የሚገለጽበት ቃል ነው።

ግሪክኛ ባታውቁም ግድ የለም። አማርኛውን ብቻ ይዛችሁ ወደ ተሰሎንቄ መልእክት ሂዱ። ቅዱስ ጳውሎስ «እንግዲያስ እንደ ሌሎች አናንቀላፋ፥ ነገር ግን እንንቃ በመጠንም እንኑር» ይላል። ቀጥሎ ስለሚያንቀላፉና በሌሊት ስለሚሰክሩ ሰዎች ይናገራል፤ እኛ ግን የቀን ልጆች ነንና በመጠን እንኑር ይላል (1ኛ ተሰ. 5፥6-8)። አያችሁ? በመጠን መኖር ከስካር ጋር ፊት ለፊት ቆሟል። ትንሽ መስከርና ብዙ መስከር እየተነጻጸሩ አይደለም።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ግን ሌላው የጴጥሮስ ቃል ነው። «ትጸልዩም ዘንድ በመጠን ኑሩ» (1ኛ ጴጥ. 4፥7)። ምክንያቱን ነገረን። ትጸልዩ ዘንድ! አእምሮ የጸሎት ዕቃ ነው። ጽዋው ከተሰነጠቀ ወይኑን በምን ትቀበላለህ? ካህኑ በቅዳሴ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲል፣ ልባችሁን ከፍ አድርጉ ማለቱ ነው። እኛም «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ብለን እንመልሳለን። ልባችን በእግዚአብሔር ዘንድ ነው እንላለን። ይህን የሚመልሰው ልቡ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነው። የጦዘ ሰው ልቡን አያገኘውም፤ ሊያነሣው እንዴት ይችላል?

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጁም እናቱም ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «ዲያቆን፣ ቶሎ ድረስልኝ፤ ልጄን አንድ ነገር ነክቶታል» አሉኝ እናቱ እያለቀሱ። ስደርስ ልጁ መሬት ላይ ተቀምጦ ደረቱን ይዟል። «ልሞት ነው፣ ልቤ ሊቆም ነው» ይላል። እናቱ ፀበል ረጭተውታል፤ ውዳሴ ማርያም እየደገሙ ነው። መንፈስ የያዘው መስሏቸዋል። አምቡላንስ ጠርተን ሆስፒታል ሄድን። ነርሷ ስትጠይቀው በሹክሹክታ ነገራት። ጓደኛው ልደት ላይ ኤዲብል በልቶ ነው። የመጀመሪያው ነው። ዕድሜው 19 ነው።

ለእናቱ መንገር የእኔ ድርሻ ሆነ። ቃሉ ጠፋኝ። «ከረሜላ ነው የበላው፤ ዕፅ ያለበት ከረሜላ» አልኳቸው። «ከረሜላ?» አሉ። «ከረሜላማ እኔም እገዛለት ነበር።» ይህን ካሉ በኋላ እስኪነጋ አንድ ቃል አልተናገሩም።

የሆነው ነገር ለጀማሪዎች የተለመደ ነው። ሲጨስ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰማል። ሲበላ ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ጉበት ደግሞ ቲኤችሲ የተባለውን አደንዛዥ ነገር ወደ ሌላ ይበልጥ ኃይለኛ ነገር ይለውጠዋል። ልጁ አንድ ፍሬ በላ። አርባ ደቂቃ ጠበቀ። ምንም የለም። «አይሠራም» ብለው ሳቁበትና ሁለት ጨመረ። ከዚያ ሦስቱም አንድ ላይ መጡበት። የልብ ምት ይፈጥናል፣ ፍርሃት ይወርዳል፣ ሰዓት የቆመ ይመስላል። ለብዙ ሰዓት አይለቅም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ በማግሥቱ ደህና ሆኖ ወጣ።

«እኔ አላበዛም» የምትሉ ልጆች ይህንንም ስሙ። በፈረንጆቹ 1995 አካባቢ እዚህ አገር ፖሊስ በሚይዘው ዊድ ውስጥ የነበረው ቲኤችሲ ከመቶ 4 ገደማ ነበር። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ከመቶ 20 እና ከዚያ በላይ ያለው ተራ ዕቃ ነው። ታላቅ ወንድምህ «ምንም አይልም» ብሎ የነገረህ ሌላ ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ ግን አንድ ነው። በዘሩ ውስጥ ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ለምሳሌ ስኪዞፍሬንያ፣ ያለበት ወጣት ይህን ነገር ሲጠቀም ሕመሙ ሊቀሰቀስበት ይችላል። ሐኪሞች ደጋግመው የሚያስጠነቅቁት ነው። ኃይለኛው ዊድና የለጋ ዕድሜ ሲገናኙ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ታዲያ የእኛ ልጆች ዘራቸውን በምን ያውቃሉ? እኛ ቤት ሕመም ይደበቃል። አገር ቤት ያለችው አክስት «ትንሽ ትጨነቃለች» ተብላ ትታለፋለች። አጎት «ፀበል ቦታ ነው ያለው» ይባልና ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል። ልጁ «እኛ ቤት እንደዚህ ያለ ነገር የለም» ብሎ ያምናል። ወላጆች፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ለልጆቻችሁ እውነቱን ንገሯቸው። ዝምታችሁ አይጠብቃቸውም።

«እግዚአብሔር የፈጠረው ተክል ነው» የሚል አለ። በዘፍጥረት 1፥29 ዘር ያለውን ሐመልማል ሁሉ ሰጠኋችሁ ብሏል ይላሉ። አዎ ብሏል። «መብል ይሆናችሁ ዘንድ» ብሎ ነው የሰጠን። እንዶድም ተክል ነው። እናቶቻችን ልብስ አጠቡበት እንጂ ወጥ አልሠሩበትም።

ቦብ ማርሌንም ያነሡብኛል። ኢትዮጵያን ይወድ ነበር፣ ያጨስም ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ የእኛ ነው ይላሉ። ቦብ በሕይወቱ መጨረሻ፣ በ1980 እ.ኤ.አ.፣ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን መጥቶ ተጠመቀ። በአቡነ ይስሐቅ እጅ ነው የተጠመቀው። የክርስትና ስሙም ብርሃነ ሥላሴ ነው። በማግሥቱ ዓመት ሲያርፍ በእኛ ሥርዓት ተቀበረ። ቤተ ክርስቲያን ሰውየውን በፍቅር ተቀበለችው፤ ጋንጃውን ግን አልተቀበለችም። በቅዳሴያችን የሚወጣው ጢስ የዕጣን ጢስ ብቻ ነው። «ጸሎቴን እንደ ዕጣን በፊትህ ተቀበልልኝ» የምንልበት ጢስ።

ሕጋዊ ነው የሚለውስ? ጳውሎስ ሁሉ ተፈቅዶልኛል፣ ሁሉ ግን የሚጠቅም አይደለም ብሎ መልሶታል። አንዳች ነገር በላዬ እንዲሠለጥን አልፈቅድም ብሏል (1ኛ ቆሮ. 6፥12)። ከመንፈሳዊው ነገር ወጣ ብዬ ደግሞ አንድ ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና። በግዛት ሕግ ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ አልተፈቀደም። የስደት ጉዳያችንን የሚያየው ደግሞ ፌዴራሉ ነው። ግሪን ካርድ ይዞ ዜግነት የሚጠይቅ ሰው «ሞክሬያለሁ» ማለቱ ብቻ ጉዳዩን ሊያበላሽበት ይችላል። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ይህን በ2019 በግልጽ አሳውቋል። ከባድ መኪና የምትነዱ ወንድሞችም ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ማታ የተወሰደው በሳምንቱም በምርመራ ሊገኝ ይችላል፤ የወደቀውም በፌዴራሉ መዝገብ ይገባል። ስንት ቤተሰብ በዚያ መንጃ ፈቃድ ይኖራል!

ሐኪም ለሕመም ያዘዘው ነገር ሌላ ጉዳይ ነው። የካንሰር ሕክምና የሚያንገሸግሸውን ሰው ማንም እንዳይነቅፍ። እሱ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር።

አንዳንዱ ለማወቅ ብሎ አይደለም የሚሞክረው። እንቅልፍ አጥቶ ነው። ሁለት ሥራ ሠርቶ፣ ብቻውን ክፍል ውስጥ ተጋድሞ፣ እናቱን ካያት ስምንት ዓመት ሆኖት ነው። ወንድሜ፣ አንተን አልቆጣህም። ጌታችን በቀራንዮ ከርቤ የተቀላቀለበት ወይን ጠጅ ሰጡት፤ እርሱ ግን አልተቀበለም (ማር. 15፥23)። ሕመም የሚያደነዝዝ ነበር። እምቢ አለ። ሕመምህን እርሱ ራሱ ሳይደነዝዝ፣ ነቅቶ፣ ሙሉውን ተሸከመልህ። ስለዚህ ሌሊት ላይ ስታለቅስ የሚሰማህ ያልተኛ ጌታ ነው። እሱን አናግረው። ደግሞም ስልክ ደውልልኝ። በሌሊትም ቢሆን ደውል።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ወደ ታላላቆቹ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ልቤ ያዝናል። ከልጆቹ አንዱ «አባቶቻችን በክርስትና ድግስ ላይ ውስኪ ጠጥተው መኪና ይነዳሉ፤ ለምን እኛን ብቻ?» አለኝ። ምን ልመልስ? እውነቱን ነው። ሕፃን ተጠምቆ፣ ሜሮን ተቀብቶ በመጣበት ቀን ጠረጴዛው በጠርሙስ ይሞላል። ቤታችን ጫት አለ። የሚያንቀላፋ ሰው ሌላውን ንቃ ቢለው ማን ይሰማዋል? በመጠን ኑሩ የሚለው ቃል ውስኪውንም ይነካል። መጀመሪያ እኛ እንንቃ።

ከስካሩ ደግሞ ወሬያችን ይብሳል። ያ ልጅ ከሆስፒታል ከወጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሹ ምእመን ሰማ። «ሱሰኛ ሆነ» ተባለ። ሌሎች እናቶች ልጆቻቸውን ከእሱ አራቁ። ንስሐ አባቱ ቀኖና ሰጥተውት ፈጽሞ ነበር። ይህን ግን ማንም አላወራም።

በአስቄጥስ አንድ ወንድም በደለ። ሊፈርዱበት ተሰበሰቡና ሙሴ ጸሊምን አስጠሩት። እምቢ አለ። ደግመው ላኩበት። ቀዳዳ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። አሸዋው ከኋላው ይፈሳል። «አባታችን፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉት። «ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈሳል፣ እኔ አላየውም፤ ዛሬ በሌላው ልፈርድ መጣሁ» አላቸው። ሰምተው ወንድማቸውን ይቅር አሉት። በየዓመቱ ሰኔ 24 ይህን ታሪክ እንሰማለን፤ «ድንቅ ነው» እንላለን። ከዚያ ወጥተን አዳራሹ ውስጥ ስም እናነሣለን። የእኛ አሸዋ የት ሄደ?

ልጁ ዛሬም ይመጣል። ጫማ ከሚወለቅበት በር አጠገብ፣ ከኋላ ይቆማል። ድሮ ከመዘምራን ጋር ከበሮ ይመታ ነበር። ማንም በቃል አልከለከለውም፤ ግን ከበሮው ሌላ ሰው እጅ ገባ፤ እሱም አልጠየቀም። አፍሯል። እናቱ ከፊት ሆነው ዘወር እያሉ ያዩታል።

የመዝሙር ክፍል ወንድሞች፣ ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ የፊታችን እሑድ እሱ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። በር ድረስ ሂዱና ከበሮውን በእጃችሁ አቀብሉት።