ክፉ ቀንና የጎንደር ነጋዴ ሴቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጎንደር ባለፉት ዓመታት አንዱ ችግር ሳይለቃት ሌላው ደርሶባታል። ጥምቀት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቦ «እንግዲህ እንግዳ ይጎርፋል» ሲባል፣ በመጋቢት ኮሮና ገባ። በጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። በሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ የድንበር ከተማዋ የመተማ ንግድ ተናጋ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። በዚህ ሁሉ መሀል ባልትና የሚያዘጋጁ፣ የሐበሻ ልብስ የሚያሰፉ፣ ምግብ ቤትና የፀጉር ቤት የሚያስተዳድሩ ሴቶች ሥራቸውን ይዘው ቆይተዋል። ስለ እነሱ ስኬት የሚወራው ግን ብዙ ጊዜ ከኑሯቸው ጋር አይገናኝም።

«ስኬት ማለት ትርፍ ነው»

ዋጋ በየሳምንቱ በሚጨምርበት ጊዜ ትርፍ ሰውን ያታልላል። አንዲት የባልትና ነጋዴ ዛላ በርበሬ ገዝታ፣ አስቀንጥሳ፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በሶብላውንና ኮረሪማውን አሟልታ፣ የወፍጮውን ከፍላ በጠቅላላው 40 ሺህ ብር አወጣች እንበል። በርበሬውን በ50 ሺህ ብር ሸጠች። ደብተሯ ላይ 10 ሺህ ብር ትርፍ አለ። ያንኑ ያህል በርበሬ እንደገና ለማዘጋጀት ግን 55 ሺህ ብር ከተጠየቀች፣ «ያተረፈችው» ሴት 5 ሺህ ብር ጎድሎባታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ፣ ይህን ስሌት ያልሠራ ብዙ ነጋዴ ዋናውን በልቶ ጨርሷል።

ስለዚህ ቅዳሜ ገበያ ላይ ልምድ ያላትን ነጋዴ «ሥራ እንዴት ነው?» ብትሏት የብር መጠን አትነግራችሁም። «ዋናው አልተነካም፤ ዕቃዬን ተክቻለሁ» ትላለች። አንዷ በሱቋ ጥግ ሁለት ጆንያ ዛላ ለይታ ታስቀምጣለች። ደንበኛ አይቶ «እትዬ፣ ከዚያኛውስ አይሸጡልኝም?» ሲላት፣ «አይ ልጄ፣ እሱ የሚመጣው ወር ሥራዬ ነው» ብላ ትመልሰዋለች። በእኔ እምነት ከማንኛውም የሒሳብ መግለጫ ይልቅ የሱቋን ጤንነት የሚናገረው ያ ጆንያ ነው።

«ሥራዋን ያጠበበችው ፈርታ ነው»

ፒያሳ አካባቢ ቱሪስት ያስተናግድ የነበረ ምግብ ቤት ያላት ሴት፣ ቱሪስቱ ሲቀር ሜኑውን ቆርጣ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች የጾምና የፍስክ ምሳ ብቻ ማቅረብ ትጀምራለች። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የእራቱን ሥራ ትተወዋለች። ሁለት ክፍል ከነበረው ቤት አንዱን ለአከራዩ ታስረክባለች። ከውጭ ለሚያይ ይህ ውድቀት ይመስላል። እሷ ግን ሌላ ነገር ነው ያሰላችው፦ ምን ያህል ቢጠፋብኝ ነገ መነሳት እችላለሁ? የሥራ ፈጠራ ተመራማሪዋ ሳራስ ሳራስቫቲ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ልምድ ያላቸው ሥራ ፈጣሪዎች ከሚጠብቁት ትርፍ ሳይሆን ሊሸከሙት ከሚችሉት ኪሳራ እንደሚነሱ አስረድተዋል። የጎንደሯ ሴት ይህን የምታውቀው ከኑሮዋ ነው።

በዚያ ላይ ሥራዋን ስታጠብ መጀመሪያ የምትቀንሰው ሰው አይደለም። ለዓመታት አብራት የኖረችን ወጥ ሠሪ ማሰናበት፣ ነገሩ ሲሻሻል እጇን የሚያውቁትን ደንበኞች አብሮ ማጣት መሆኑን ታውቃለች። ሠራተኞቿን ሳትበትን፣ የልጆቿን የትምህርት ቤት ክፍያ ሳታቋርጥ ዓመቱን የዘለቀች ሴት ራሷን እንደተሳካላት ብትቆጥር ትክክል ናት።

«ዱቤ መስጠት የዋህነት ነው»

ነጋዴዋ ዱቤ ለሁሉም አትሰጥም። የምትሰጠው በዕድር ለምታገኘው፣ ቤቱን ለምታውቀው፣ ደመወዙ ለዘገየበት ሰው ነው፤ ያውም ልክ አለው። ያ ሰው ደመወዙ ሲገባ ወደ ሌላ ሱቅ አይሄድም።

«ዕቁብ ኋላ ቀር ነው፤ ዘመናዊ ነጋዴ ከባንክ ትበደራለች»

ባንክ ማስያዣ ይጠይቃል። ቤቱ ብዙ ጊዜ በባል ስም ነው፤ የጋራ ሀብት ቢሆንም ለማስያዝ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ገበያ በተቀዛቀዘበት ወቅት ደግሞ በየወሩ የሚመጣ የብድር ክፍያ ከራሱ ከችግሩ በላይ ሊከብድ ይችላል። ዕቁብ ላይ ግን የታመመባት ወይም ዕቃዋ መንገድ ላይ የቀረባት ሴት ዳኛውን አነጋግራ ተራ ልትለዋወጥ ትችላለች። ይህን የሚያደርግ ባንክ አላውቅም።

ዕቁብ እንከን የለውም ግን አልልም። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚደርሳት ሴት የምትቀበለው ብር፣ መጀመሪያ የደረሳት ጓደኛዋ የገዛችውን ያህል አይገዛም። ብልሆቹ ዙሩን ያሳጥራሉ፤ እንደደረሳቸውም ብሩን ሳያሳድሩ ወደ ዕቃ ይለውጡታል።

«ኢንተርኔት ሲጠፋ የስልክ ክፍያም ያበቃል»

ቴሌብር ያለ ኢንተርኔት በ*127# ይሠራል፤ ኔትወርክ ጨርሶ ካልጠፋ በቀር። ትልቁ ጉዳት የደረሰው በቴሌግራም ፎቶ ለጥፈው የሐበሻ ልብስ በሚሸጡት ላይ ነበር። የደንበኞቻቸውን ስልክ ቁጥር በደብተር የያዙት ደውለው ትእዛዝ ሲቀበሉ፣ ያልያዙት ለጥምቀት ያሰፉት ቀሚስ እጃቸው ላይ ቀረ።

«የጎንደር ሴት ጠንካራ ናት፤ ምንም አትሆንም»

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ የሚናገረው ሰው እያመሰገናት ይመስለዋልና። ጥንካሬዋ እውነት ነው። ግን ጥንካሬ ኪራይ አይከፍልም፣ የተዘጋ መንገድም አይከፍትም። «እሷ ትችለዋለች» እየተባለ ቀን ሱቅ ቆማ፣ ማታ ቤተሰብ አብልታ፣ ሌሊት ሽሮ ስታዘጋጅ የምታድር ሴት ትደክማለች፤ ትታመማለችም።

የሚያግዛት ነገር የሚታወቅ ነው። ሱቅ ተዘግቶ የከረመባቸውን ወራት ከግምት የሚያስገባ ግብር፤ የቤት ኪራይን በአንድ ጊዜ እጥፍ የማያደርግ አከራይ፤ በጸጥታ ምክንያት ገበያ ሲቆም የመክፈያ ጊዜውን የሚያራዝም አበዳሪ፤ ማታ ልጆቹን የሚያበላ፣ ልብሳቸውን የሚያጥብ ባል። ሥልጠና የሚያዘጋጁ ድርጅቶችም ቅዳሜን ይተዉላት፤ በዋናው የገበያ ቀን ሱቋን ዘግታ አዳራሽ የምትቀመጥ የባልትና ነጋዴ የለችም።