አጋዥ ውሾችና ሥልጠናቸው፦ ከድሬዳዋ ሲታይ

አጋዥ ውሻ የአካል ጉዳት ላለበት ሰው አንድ የተለየ ሥራ እንዲሠራ የሠለጠነ ውሻ ነው። ለዓይነ ሥውር መንገድ የሚያሳየው መሪ ውሻ ይባላል። መስማት የተሳነውን ሰው በር ሲንኳኳ ወይም ሕፃን ሲያለቅስ ነካ እያደረገ የሚጠራ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው የወደቀ ቁልፍ አንሥቶ የሚያቀብልም አለ። በድሬዳዋ ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው ነው። ዓይነ ሥውራን ነጭ በትር ይዘው ይሄዳሉ፤ በትር የሌለው ደግሞ ሰው ይመራዋል፣ ብዙ ጊዜም ልጅ።

አጀማመሩ

የመጀመሪያው የመሪ ውሻ ትምህርት ቤት የተከፈተው በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1916፣ በጀርመን ኦልደንቡርግ ከተማ ነው። መሥራቹ ሐኪሙ ጌርሃርድ ሽታሊንግ ሲሆን የተነሣውም በጦር ሜዳ ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ነበር። ሐኪሙ አንድ ዓይነ ሥውር ታማሚ በሆስፒታሉ ግቢ ሲያንሸራሽር ታማሚውን ከራሱ ውሻ ጋር ትቶ ለአፍታ ተጠርቶ ሄደ፤ ሲመለስ ውሻው ሰውየውን እየጠበቀው አገኘና ሐሳቡ ያኔ መጣለት ይባላል። በ1923 ፖትስዳም ላይ ሌላ ማሠልጠኛ ተከፈተ። በስዊዘርላንድ የጀርመን ሼፐርድ ውሾች ታረባ የነበረችው አሜሪካዊት ዶሮቲ ሃሪሰን ዩስቲስ ይህን አይታ በኅዳር 1927 አንድ ጽሑፍ አሳተመች። የናሽቪሉ ወጣት ዓይነ ሥውር ሞሪስ ፍራንክ ጽሑፉን አባቱ ሲያነብለት ሰምቶ ደብዳቤ ጻፈላት። በ1928 ስዊዘርላንድ ሄዶ በዲ ብሎ ከሰየማት ውሻ ጋር ሠለጠነ፤ ሲመለስም በኒውዮርክ መኪና የሚርመሰመስበትን ሰፊ ጎዳና በጋዜጠኞች ፊት አብሯት ተሻገረ። በጥር 1929 ሲይንግ አይ የተባለውን ማሠልጠኛ አቋቋሙ፤ በ1934 ለመጀመሪያ ውሻው ከተማሪው የሚጠየቀው 150 ዶላር ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። እንግሊዝ በ1931፣ ደቡብ አፍሪካ በ1953 ተከተሉ። መስማት ለተሳናቸውና በወንበር ለሚሄዱ ማሠልጠን የተስፋፋው ግን ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው።

ሥልጠናው

በአብዛኛው የሚመረጡት ላብራዶር፣ ጎልደን ሪትሪቨርና ጀርመን ሼፐርድ ናቸው። ቡችላው ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ለፈቃደኛ ቤተሰብ ይሰጣል፤ አንድ ዓመት ገደማ ገበያ፣ አውቶቡስና የሰው ግርግር እየለመደ ያድጋል። ከዚያ ለወራት የሚቆይ ዋና ሥልጠና ይከተላል። ደረቱ ላይ እጀታ ያለው መታጠቂያ ይታሰርለታል፤ ሰውየው እጀታውን በግራ እጁ ይይዛል።

አንዱን ትምህርት ቀረብ ብለን እንየው። በመንገዱ ላይ በሰው ራስ ቁመት አግዳሚ እንጨት ይደረጋል። ውሻው ከሥሩ ሊያልፍ ሲል አሠልጣኙ ይቆምና እንጨቱን በእጁ ያንኳኳል፤ ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና ይሄዳሉ። ውሻው በሚቀጥለው ዞር ብሎ ካለፈ ይመሰገናል፣ ይሸለማል። በዚህ መንገድ ከራሱ ቁመት በላይ ያለውን ማየት ይማራል። ነጭ በትር የማይደርስበትም ይህ ከወገብ በላይ ያለው ነው፤ የሱቅ ሸራ፣ ዘንበል ያለ ቅርንጫፍ፣ የጭነት መኪና ጠርዝ።

ከሁሉ የሚከብደው እምቢታን ማስተማር ነው። ውሻው የትራፊክ መብራት አያነብም። መቼ መሻገር እንዳለበት የሚወስነው የመኪናውን ድምፅ የሚያዳምጠው ሰው ነው። ሰውየው "ወደ ፊት" ብሎ ሲያዝ ባጃጅ እየመጣ ከሆነ ግን ውሻው አልንቀሳቀስም ማለት አለበት። ትእዛዝን ሁሉ የሚፈጽም ውሻ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ድሬዳዋና ሐረር

ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. ከምድር ባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ናት። ከዚራ የተባለው ሰፈሯ ቀጥ ቀጥ ባሉ ጎዳናዎቿና በዛፍ ጥላዋ ማዕዘን እየቆጠሩ ለሚሄዱ እግረኞች የተመቸች ነች፤ በአገራችን እንዲህ ያለ ሰፈር ብዙ አይገኝም። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው የመጋላ ሰፈር ግን ጠመዝማዛ ነው፤ ከፊራ ገበያ ደግሞ ዕቃው ሁሉ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ያው ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። በግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ስለሚያልፍ አስፋልቱ የውሻ መዳፍ ያቃጥላል። የእጅን ጀርባ መንገዱ ላይ አሳርፎ መለካት፣ ጉዞንም ለማለዳና ለምሽት ማድረግ ያስፈልጋል።

በሐረር ጁገል ችግሩ ሌላ ነው። ጅቦች ሌሊት በግንቡ ቀዳዳዎች ይገባሉ፤ ውሻ ደግሞ ለጅብ ምግብ ነው። መሪ ውሻ እዚያ ቢኖር ማደሪያው ከቤት ውስጥ መሆን አለበት።

ውሻ በእኛ ዘንድ የግቢ ጠባቂ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታም ሰውን ያስፈራል፣ ስለዚህ ክትባቱ በየጊዜው መታደስ አለበት። የሃይማኖቱ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሐረርና በድሬዳዋ ሙስሊሞች ዘንድ የሰፋው የሻፊዒ መዝሀብ (የሃይማኖት ሕግ አስተምህሮ) የውሻን ምራቅና እርጥበት ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ፣ ይለዋል፤ የነካው ሰባት ጊዜ፣ አንዱም በአፈር ይታጠባል። ለአደንና ለከብት ጥበቃ ውሻ መያዝ ግን የተፈቀደ ነው፤ ዓይነ ሥውርን መምራትም ከዚሁ ይቆጠራል የሚሉ ዑለማዎች አሉ። በእንግሊዝ ሌስተር እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ መስጊድ የመሪ ውሻ ባለቤት ሲሰግድ ውሻው መግቢያው ላይ እንዲቆይ ፈቅዷል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ውሻ ወደ ውስጥ አይገባም፤ እንዲህ ያለው መፍትሔ ለዚያም የሚሆን ይመስላል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። አንቀጽ 20 ሰዎች በራሳቸው እንዲንቀሳቀሱ መሣሪያንም ሕያው እገዛንም በተመጣጣኝ ዋጋ ማግኘት እንዲችሉ ይላል፤ ውሻን በስም አይጠቅስም።

ነገሩን ለድሬዳዋ አጣዳፊ የሚያደርገው ልጁ ነው። የበትሩን ጫፍ ይዞ ከፊት ከፊት የሚሄደው ልጅ ጉድጓዱን ይናገራል፣ ባጃጅ ይጠራል፣ ዝርዝር ብር ይቆጥራል፤ የትምህርት ቤት ደወል ሲደወልም እዚያው መንገድ ላይ ነው። መሪ ውሻ በአማካይ ስምንት ዓመት ያህል ይሠራል። ልጁ በስምንት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃን ይጨርስ ነበር።