የሚረጋና የማይረጋ፦ ሳቹሬትድ ስብ በአዲስ አበባ ዳርቻ ማዕድ

ከእንጦጦ ጀርባ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገቡ የማለዳው ብርድ አጥንት ይሰብራል። በዚያ ሰዓት አንዱ ሱቅ ገብቶ መደርደሪያውን የተመለከተ ሰው የሳቹሬትድ ስብን ጠባይ በዓይኑ ያየዋል። በቢጫው ጄሪካን ያለው የፓልም ዘይት ከታች ነጭ ሆኖ ረግቷል፤ አጠገቡ በጠርሙስ የተቀዳው የኑግ ዘይት ግን እንደ ትናንቱ ጥርት ብሎ ይፈሳል። ሻጩም ገዢውም «የሚረጋ» እና «የማይረጋ» እያሉ ይለዩዋቸዋል፤ ይህ የሱቅ ቋንቋ ከኬሚስቶቹ አከፋፈል ብዙም አይርቅም።

ስብም ሆነ ዘይት በአብዛኛው የተሠራው ትራይግሊሰራይድ ከሚባል ሞለኪውል ሲሆን፣ ይህም አንድ ግሊሰሮልና ከእሱ ጋር የተያያዙ ሦስት የስብ አሲዶች ናቸው። የስብ አሲድ የካርቦን አተሞች ሰንሰለት ነው። ካርቦኖቹ ሊይዙ የሚችሉትን ሃይድሮጅን ሁሉ ይዘው በመካከላቸው ምንም ድርብ ቦንድ (ሁለት ካርቦኖችን በእጥፍ የሚያያይዝ ትስስር) ከሌለ አሲዱ በሃይድሮጅን የጠገበ፣ ማለትም ሳቹሬትድ ይባላል። እንዲህ ያለው ሰንሰለት ቀጥ ያለ በመሆኑ ከእንጦጦ እንደሚወርድ የባሕር ዛፍ ሸክም ጎን ለጎን ተጠቅጥቆ ይታሰራል፤ ድርብ ቦንድ ያለበት ግን ጎባጣ ስለሆነ እንደ ልብ አይደረደርም። ልዩነቱ በሙቀት ሲለካ በግልጽ ይታያል። በፓልም ዘይት ውስጥ የሚበዛውና 16 ካርቦን ያለው ፓልሚቲክ አሲድ የሚቀልጠው በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። 18 ካርቦንና ሁለት ድርብ ቦንድ ያለው ሊኖሌይክ አሲድ ደግሞ የሚረጋው ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ብቻ ነው፤ ከኑግ ዘይት ውስጥ ደግሞ 70 በመቶ ያህሉ ይኸው ሊኖሌይክ ነው።

የሱሉልታ፣ የሰንዳፋ፣ የሰበታና የሆለታ አካባቢ ለአዲስ አበባ ወተትና ቅቤ ከሚያቀርቡት ቦታዎች መካከል ናቸው። የላሞቹ መኖ ውስጥ ኑግ ተጨምቆ የሚተርፈው ፋጉሎ አለ፤ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በፋጉሎው ውስጥ የቀረው ዘይት የማይረጋ ዓይነት ነው። ነገር ግን በላሟ ጨጓራ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ድርብ ቦንዶቹን በሃይድሮጅን እየሞሉ አብዛኛውን ወደ ሳቹሬትድ ስብ ይለውጡታል፤ ስለዚህ የማይረጋው ኑግ ላሟ ውስጥ አልፎ የሚረጋ ቅቤ ሆኖ ይወጣል። ፋብሪካም ፈሳሽ ዘይትን በሃይድሮጅን ሲያረጋ የሚሠራው ተመሳሳይ ሥራ ነው፤ ሥራው ሳያልቅ በከፊል ሲቆም ግን ለልብ ከሳቹሬትድም የከፋው ትራንስ ስብ በብዛት ይፈጠራል።

ገበያው ቅቤን ለጋ፣ መካከለኛና በሳል እያለ ይለየዋል። ቅቤ ቆይቶ በሳል ሲሆን የሚያወጣው ኃይለኛ ሽታ በአብዛኛው የሚመጣው 4 ካርቦን ብቻ ካለው ቢውቲሪክ ከሚባል አጭር ሳቹሬትድ አሲድ ነው። ቅቤ በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በበሶብላ ሲነጠር ስቡ ይቀንሳል ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው፤ እውነቱ ግን ተቃራኒ ነው። ማንጠር የሚያስወግደው ውኃውንና የወተቱን ዝቃጭ ነው። ስለሆነም በ100 ግራም ጥሬ ቅቤ ውስጥ 50 ግራም ገደማ የነበረው ሳቹሬትድ ስብ በ100 ግራም ንጥር ቅቤ ውስጥ 60 ግራም ገደማ ይሆናል።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥሬ ቅቤ 7 ግራም ያህል ሳቹሬትድ ስብ ይይዛል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የፓልም ዘይትም እንዲሁ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ከቅቤና ከሥጋ ይጾማል። የጾም ሽሮው በሚረጋ ዘይት ከተሠራ ግን በፍስክ ቀን ከቅቤ ያገኘው የነበረውን ሳቹሬትድ ስብ በጾሙም ያገኘዋል። ስለ ልብ ጤና ስንመክር ቅቤውን ብቻ የምንወቅሰው ጄሪካኑን እየረሳን ነው፤ ይህ በእጅጉ ያሳስበኛል።

ጉዳቱ የሚደርስበት መንገድም ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነገራል። «ጄሪካኑ ውስጥ እንደረጋው ሁሉ ደም ሥር ውስጥም ይረጋል» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም፤ የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ነው፣ የብዙ ዓይነት የስብ አሲዶች ድብልቅ የሆኑት ቅቤም ፓልምም በዚያ ሙቀት በአብዛኛው ይቀልጣሉ። ነገሩ የሚበላሸው ጉበት ላይ ነው። ጉበት ኤልዲኤል የተባለውን ኮሌስትሮል ተሸካሚ ከደም የሚለቅምባቸው ተቀባዮች አሉት፤ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን እነዚህን በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ሳቹሬትድ ስብ ሲበዛ የተቀባዮቹ ሥራ ይዳከማል፣ ኤልዲኤሉ በደም ውስጥ ይከማቻል፣ ከዚያም ወደ ደም ቅዳ ቧንቧ ግድግዳ ሰርጎ በዓመታት ውስጥ ቧንቧውን የሚያጠብ ክምችት ይሠራል። ክምችቱ ድንገት ሲሰነጠቅ በላዩ ላይ የሚረጋው ደም ነው ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክን የሚያመጣው፤ የሚረጋው ደሙ እንጂ ዘይቱ አይደለም። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚያጠቃው የሩማቲክ የልብ ሕመም ግን ካልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን የሚነሣ በመሆኑ ከዚህ ጋር መቀላቀል የለበትም።

ማስረጃው ብዙ ክርክር አልፎበታል። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግመው ዓለም አቀፉ ተቋም ኮክራን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምገማ 56,000 ያህል ሰዎች የተሳተፉባቸውን 15 ሙከራዎች መርምሮ፣ ሳቹሬትድ ስብን ቢያንስ ለሁለት ዓመት መቀነስ የልብና የደም ሥር አደጋዎችን በ17 በመቶ እንደሚቀንስ፣ በአጠቃላይ ሞት ላይ ግን ያሳየው ለውጥ አነስተኛ እንደሆነ ገልጿል። ወሳኙ ነገር ቦታውን የሚተካው ምግብ ነው፤ ቅቤን ትቶ ነጭ ዳቦና ስኳር ማብዛት እምብዛም አይጠቅምም፣ በኑግ ወይም በሱፍ ዘይት መተካት ግን ኤልዲኤልን ያወርዳል። የሳቹሬትድ አሲዶቹም ቢሆኑ እኩል አይደሉም፤ በሥጋ ጮማ ውስጥ ያለው ስቴሪክ አሲድ ኤልዲኤልን ከፍ አያደርግም ማለት ይቻላል፣ ፓልሚቲክ ግን ያደርጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ሳቹሬትድ ስብ በቀን ከሚገኘው ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 22 ግራም ገደማ፣ በጥሬ ቅቤ ሲሰላ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው፤ ሥጋውና ወተቱም ከዚሁ ላይ ይታሰባሉ። የኑግ ዘይት ግን የራሱ ጥንቃቄ አለው። እንዳይረጋ ያደረጉት ድርብ ቦንዶች ከአየርና ከብርሃን ጋር በቀላሉ ስለሚገናኙ ሽታውና ጣዕሙ ቶሎ ይበላሻል፣ ደጋግሞ ለመጥበስም አይመችም። ስለዚህ ከሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የተደረደረውን ጠርሙስ ትቶ ከጓዳ፣ ከጨለማው የሚወጣውን መጠየቅ፣ ቤትም ሲደርስ በጥቂት ሳምንታት የሚያልቀውን ያህል ብቻ መግዛት ይሻላል።