በሊኑክስ ሰርቨር ላይ መንታ ዲስክ

ሃርድ ዲስክ ሲሞት ቀጠሮ አይሰጥም። ስለዚህ የፋይል ሰርቨር ላይ ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት መረጃ እንዲይዙ ይደረጋል። አንዱ ቢወድቅ ሥራው በሌላው ይቀጥላል። ይህ አሠራር ሬይድ 1 ይባላል። ሬይድ የሚለው ስም የታወቀው ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1988 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ባሳተሙት ጥናት ነው፤ ዘዴው ግን ከስሙ ይቀድማል።

ሊኑክስ ላይ ለዚህ የተለየ ካርድ አያስፈልግም። ሥራውን የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ራሱ ይሠራል፤ ማዘዣው ኒል ብራውን የጻፈው ኤምዲአድም (mdadm) የተባለ ፕሮግራም ነው። እኔ የምወደውም ለዚህ ነው፦ ማዘርቦርዱ ቢቃጠል ዲስኮቹን ነቅሎ ሌላ ሊኑክስ ማሽን ላይ መሰካት ይቻላል።

በየዲስኩ ላይ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ሲከፈል ጫፉ ላይ ትንሽ ቦታ መተው ደግ ነው። ነገ የሚገዛው ምትክ ያው 4 ቴራባይት ተብሎ በጥቂት ሜጋባይት ሊያንስ ይችላል፤ ካነሰ ደግሞ አይገባም። ከዚያ በአንድ ኮማንድ ይጣመራሉ፣ በላዩ ፋይሎች የሚደራጁበት ፋይል ሲስተም ይሠራል። የመጀመሪያው ማመሳሰል በሴኮንድ 150 ሜጋባይት ቢሄድ እንኳ ለ4 ቴራባይት ከ7 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ እስከዚያ ግን መጠቀም ይቻላል። ሰርቨሩ ከእነዚሁ ዲስኮች የሚነሳ ከሆነ ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም (ቡትሎደር) ሁለቱም ላይ ይጫን።

ጤናማ ጥንድ ከርነሉ የዲስኮቹን ሁኔታ በሚያሳይበት ፋይል (/proc/mdstat) ላይ በቅንፍ ውስጥ ሁለት የላቲን «ዩ» ሆኖ ይታያል። አንዱ ሲሞት በቦታው የታች ሰረዝ (_) ይገባል። ችግሩ ይሄን ጊዜ ተጠቃሚው ምንም አይታወቀውም፤ ፋይሉ ይከፈታል፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል። የኢሜይል ማስጠንቀቂያ ካልተዘጋጀ ሁለተኛው እስኪሞት ማንም አያውቅም። የዲስኮቹን ሴሪያል ቁጥርም መያዣቸው ላይ መለጠፍ ያስፈልጋል። ሳጥኑ ሲከፈት ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ደህናውን የነቀለ ሰው ሰርቨሩን በእጁ አጠፋው ማለት ነው።

መንታ ዲስክ ባክአፕን አይተካም፤ በስህተት የጠፋ ፋይል ከሁለቱም እኩል ይጠፋል።

ምትክ ሲገባ የተረፈው ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል። ለዓመታት ያልተነካ የተበላሸ ሴክተር (ትንሽ የዲስክ ቁራጭ) ብቅ የሚለው ያኔ ነው። ለዚህም ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሌሊት ሁለቱንም ዲስኮች አንብቦ ያመሳክራል።