ቮዋች ምንድን ነው?

ዋርሶ ውስጥ አንድ ሕፃን «ማሞ! ማሞ!» እያለ ሲጮህ ብትሰሙ ወንድሙ የጠፋበት እንዳይመስላችሁ። እናቱን ነው የሚጠራው። በፖላንድኛ እናት «ማማ» ናት፤ ስትጠራ ግን «ማሞ» ትሆናለች። ቮዋች ማለት ይኸው የመጥሪያ መልክ ነው። ቃሉም «መጥራት» ከሚለው ግስ የወጣ ነው።

እኛ «ውሻውን አየሁ» ስንል «ን» የምንጨምረው ውሻው ተሳቢ ስለሆነ ነው። ፖላንድኛ ይህን ነገር አብዝቶታል። ስም እንደ ሥራው ሰባት መልክ ሊይዝ ይችላል። ተማሪዎች ስድስቱን «ማን? የማን? ለማን?» እያሉ በጥያቄ ያጠኗቸዋል። ሰባተኛው ቮዋች ጥያቄ የለውም፤ «ኦ!» ብቻ ነው። ማሬክ ሲጠራ «ማርኩ!» ይሆናል፣ አኛ ደግሞ «አኙ!»።

የውጭ ሰው ይህን ሲያጠና ራሱን ይይዛል። ፖላንዳውያን ግን ቋንቋቸው ከባድ ነው ሲባል ደስ ይላቸዋል። ምክንያት አላቸው። አገራቸው እ.ኤ.አ. ከ1795 እስከ 1918 ለ123 ዓመት ከካርታ ጠፍታ ነበር። የቀረው ቋንቋው ነበር። በ1901 በጀርመኗ ግዛት በፕሩሲያ ሥር በነበረችው በቭዤሽኛ ከተማ ልጆች ሃይማኖትን በጀርመንኛ አንማርም ብለው ተገርፈዋል። በቋንቋቸው «አባታችን ሆይ» የሚጀምረው ደግሞ በቮዋች ነው፦ «ኦይቼ ናሽ»። አባት በተራው መልኩ «ኦይቼትስ» ነው።

ገጣሚው ሚትስኪዬቪችም በስደት ሳለ በ1834 ፓሪስ ላይ ያሳተመውን «ፓን ታዴውሽ» የተባለ ረጅም ግጥም የከፈተው በዚሁ መልክ ነው። «ሊትቮ! ኦይቺዝኖ ሞያ!» ይላል፤ «ሊትዌንያ ሆይ! አገሬ ሆይ!» እንደማለት። ፖላንድ ከካርታ ከመጥፋቷ በፊት ሊትዌንያ ከእሷ ጋር አንድ መንግሥት ነበረች። ትምህርት ቤት የገባ ፖላንዳዊ ሁሉ ያውቀዋል።

ዛሬ ግን ቮዋች ትንሽ ተገፍቷል። ጓደኛን «ማሬክ!» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። ሰዋስው ወዳዶች ይህን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል። ደብዳቤ ላይ ከሆነ ያለ ቮዋች መጀመር ነውር ነው፤ «ውድ አኛ» ብሎ የጻፈ ሰው ያልተማረ ይመስላል።

ማንም የማይነካው ቦታ ፍቅርና ስድብ ነው። ለፍቅረኛ «ኮትኩ» ይባላል፣ «ድመቴ» እንደማለት። ያ ማሬክን በተራ ስሙ የሚጠራው ጓደኛም ሲናደድ «ኢድዮታ» አይለውም። «ኢድዮቶ!» ነው የሚለው።