ጥቁር ቢራ ሁሉ ኃይለኛ ነውን?

«ጥቁሩ ይከብደኛል፣ ቢጫውን ስጠኝ» የሚል ሰው ከቢራ ቤት አይጠፋም። ቀለም ግን የአልኮል መለኪያ አይደለም። የአየርላንዱ ጊነስ ድራፍት ከሰል መስሎ 4.2 በመቶ አልኮል ብቻ ይይዛል፤ የቤልጅየሙ ዱቬል ደግሞ እንደ ወርቅ እያበራ 8.5 በመቶ ነው።

ጥቁረቱ የሚመጣው ከተቆላ ገብስ ነው። ጠላ ጠማቂ ይህን ታውቃለች፤ አሻሮው ምጣድ ላይ በጠቆረ ቁጥር ጠላውም ይጠቁራል። ቡና ቡና የሚለው የጊነስ ጣዕምም ከዚያው ከመቆላቱ ነው። አልኮሉን የሚወስነው ሌላ ነው፦ እርሾው ከብቅሉ ምን ያህል ስኳር አግኝቶ እንደበላ።

ስለዚህ የተለያዩ ቢራዎችን ጎን ለጎን ስትቀምሱ በቀለም አትደርድሯቸው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን በመቶኛ አንብቡና ከዝቅተኛው ጀምሩ። ምሬት የበዛበትንም ወደ ኋላ አቆዩት፤ ምሬት አንዴ የያዘው ምላስ ለስላሳውን ቢራ እንደ ውኃ ይቆጥረዋል።