ስለ ፋትስ ዶሚኖ የሚባለውና እውነታው

ስለ ሮክ ኤንድ ሮል አጀማመር ወሬ ሲነሳ ኤልቪስ ፕሪስሊ፣ ቸክ ቤሪና ሊትል ሪቻርድ ቀድመው ይጠራሉ። የኒው ኦርሊንሱ ፒያኖ ተጫዋችና የባንድ መሪ ፋትስ ዶሚኖ ግን «ያ ፈገግታ የማይለየው ወፍራም ሰውዬ» ተብሎ ይታለፋል። ይሄ ያንገበግበኛል። መሠረቱን ከጣሉት ሰዎች አንዱ ነውና። ስለ እሱ ተደጋግመው የሚነገሩ ስህተቶችን አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አር ኤንድ ቢ ለስለስ ያለ የፍቅር ዘፈን ነው»

የዛሬውን ካልን ብዙው እንደዚያ ነው። የያኔው ግን ሌላ ነበር። ቢልቦርድ መጽሔት የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ «የዘር ሸክላዎች» በሚል ስም ለብቻው ሲመድብ ቆይቶ፣ በ1949 ስሙን ወደ «ሪዝም ኤንድ ብሉዝ» (ባጭሩ አር ኤንድ ቢ) ቀየረው። ፒያኖ፣ ሳክስፎን፣ ቤዝና ድራም ያለበት፣ ቁጭ ብለው የማይሰሙት የጭፈራ ሙዚቃ ነበር። ፋትስ ያደገውም የኖረውም በዚህ ውስጥ ነው።

«ሮክ ኤንድ ሮልን የጀመረው ኤልቪስ ነው»

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ኤልቪስ በሙዚቃ አሳታሚው ሰን ሬከርድስ የመጀመሪያ ሸክላውን ያወጣው በ1954 ክረምት ላይ ነው። ፋትስ «ዘ ፋት ማን»ን የቀዳው ዲሴምበር 10 ቀን 1949 ነው። የ21 ዓመት ልጅ ነበር።

ስቱዲዮው የኮሲሞ ማታሳ ነበር። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ፣ ራምፓርት ጎዳና ላይ፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። እንደ አሁኑ ድምፅን ለየብቻ ቀድቶ በኋላ ማቀናጀት የለም። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይጫወታል። አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ዘፈኑን ዛሬ ብትከፍቱት መጀመሪያ የሚመታችሁ ፒያኖው ነው። ግራ እጁ ከባድና የማያቋርጥ ነው፤ ቀኝ እጁ ከላይ ይንጣጣል። ከኋላ ኧርል ፓልመር ድራሙ ላይ ሁለተኛውንና አራተኛውን ምት አጥብቆ ይመታል። መሃል ላይ ፋትስ ግጥሙን ትቶ በቀጭን ድምፅ «ዋ ዋ» እያለ አፉን የነፋስ መሣሪያ ያደርገዋል። ያ ምት በኋላ ዓለም ሁሉ የጨፈረበት ምት ነው።

የመጀመሪያው የሮክ ኤንድ ሮል ሸክላ የትኛው ነው የሚለው ክርክር እስካሁን አላለቀም፤ እኔም አልጨርሰውም። ከእጩዎቹ አንዱ ግን ይሄ ነው። ኤልቪስም ይህን አልካደም። በ1969 ላስ ቬጋስ ውስጥ በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ አንድ ጋዜጠኛ «ንጉሡ» ብሎ ሲጠራው፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ወደነበረው ፋትስ ጠቁሞ እውነተኛው የሮክ ኤንድ ሮል ንጉሥ እሱ ነው አለ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ «ዘ ፋት ማን»ም ቢሆን ከባዶ አልመጣም። ዜማው ሻምፒዮን ጃክ ዱፕሪ በ1940 ከቀዳው «ጀንከር ብሉዝ» የተወሰደ ነው። የዚያኛው ግጥም ስለ አደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚዎች ነበር። ፋትስና አቀናባሪው ዴቭ ባርቶሎሚው ግጥሙን ቀይረው ስለ አንድ ወፍራም ደስተኛ ሰው አደረጉት።

«ፔት ቡን ባይዘፍንለት ኖሮ ማን ያውቀው ነበር?»

በ1955 ፋትስ «ኤይንት ዛት ኤ ሼም»ን አወጣ። ወዲያው ነጩ ዘፋኝ ፔት ቡን ያንኑ ዘፈን ለስለስ አድርጎ ዘፈነው። የቡን ሸክላ የፖፕ ሰንጠረዥ (የተወዳጅ ዘፈኖች የደረጃ ዝርዝር) ላይ አንደኛ ወጣ፤ የፋትስ 10ኛ ላይ ቆመ። የነጮች ሬዲዮ ጣቢያዎች የጥቁር ዘፋኝ ሸክላ ለማጫወት እጃቸው ይያዝ በነበረበት ዘመን ይሄ የተለመደ ነበር። የቡን ሸክላ ዘፈኑን ወደ ብዙ ነጭ ቤቶች ማስገባቱ እውነት ነው። ፋትስን የፈጠረው ግን እሱ አይደለም። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1952፣ «ጎይንግ ሆም» የአር ኤንድ ቢ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጥቶ ነበር። በሙያ ዘመኑ ዘጠኝ ዘፈኖቹ እዚያ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ሆነዋል። ፖፕ ላይ ግን አንድም ጊዜ አንደኛ አልሆነም። ይህን ቁጥር ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል።

«ብሉቤሪ ሂል የራሱ ድርሰት ነው»

አይደለም። ዘፈኑ በ1940 የወጣ ነው፤ ግሌን ሚለርም ሉዊ አርምስትሮንግም ከእሱ በፊት ተጫውተውታል። በ1956 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲቀዱ የተዘጋጀው ዘፈን አለቀባቸውና ፋትስ ይሄን እንሥራ አለ። ባርቶሎሚው አልፈለገም፤ ስንት ሰው የዘፈነውን ምን ያደርግልናል ብሎ። ፋትስ በሐሳቡ ጸና። የሙዚቃው ጽሑፍ በእጃቸው አልነበረም፣ ፋትስም ግጥሙን መሃል ላይ እየረሳ ተቸገሩ። ሙሉ ቅጂ አልተገኘምና የድምፅ ባለሙያው ቁርጥራጮቹን ቀጣጥሎ አንድ ዘፈን አወጣ። እሱ ነው እንግዲህ ፖፕ ላይ ሁለተኛ፣ አር ኤንድ ቢ ላይ ለ11 ሳምንታት አንደኛ የሆነው።

«ሥራውን የሠራው ባርቶሎሚው ነው፤ ፋትስ ዝም ብሎ ይዘፍን ነበር»

ከላይ ያለው ታሪክ ብቻውን ይህን ያፈርሰዋል። የባርቶሎሚው ድርሻ ትልቅ ነው፤ አብሮት ደርሷል፣ አቀናብሯል፣ ስቱዲዮ ውስጥ ያጀበውን ባንድም መርቷል። ፒያኖው ላይ በቀኝ እጅ ሦስት ሦስት እየተመታ የሚሄደው አጨዋወት ግን የፋትስ መታወቂያ ነው። እሱ የፈለሰፈው አይደለም፤ ከእሱ በፊት ሊትል ዊሊ ሊትልፊልድ ተጫውቶታል። ከሰው ጆሮ እንዳይጠፋ ያደረገው ግን ፋትስ ነው። ፒያኖ ያስተማረው ትምህርት ቤት ሳይሆን የእህቱ ባል ሃሪሰን ቬሬት ነው።

መንገድ ላይ ደግሞ የራሱን ባንድ ይመራ ነበር። ሳክስፎኒስቱ ኸርብ ሃርደስቲ ለአሥርት ዓመታት አብሮት ዞሯል። ፋትስ ድስቱን ይዞ ይጓዝና ሆቴል ክፍሉ ውስጥ የኒው ኦርሊንስ ምግብ ያበስል ነበር። ዝግጅቱ ሲያልቅ ባንዱ እየነፋ፣ እሱ እየተጫወተ፣ ትልቁን ፒያኖ በሆዱ ገፍቶ መድረኩን ያሻግረዋል። ዝም ብሎ የሚዘፍን ሰው ይሄን አያደርግም።

«ሙዚቃው ረብሻ ቀስቃሽ ነበር»

በ1956 ኖርዝ ካሮላይና፣ ፌየትቪል ውስጥ ዝግጅቱ ላይ ጠብ ተነስቶ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፤ ፋትስና ጓደኞቹ በመስኮት ዘለው ወጡ። ጋዜጦች ጣታቸውን ሙዚቃው ላይ ቀሰሩ። በዚያ ዘመን በደቡብ ግዛቶች በብዙ አዳራሾች ጥቁርና ነጭ በገመድ ተለያይተው ይቆሙ ነበር። መጠጥ አለ፣ መጨናነቅ አለ። ይህን ሁሉ ትቶ ጥፋቱን ፒያኖ ላይ መለጠፍ ተራ ማምለጫ ነው።

«ቢትልሶች ሲመጡ አበቃለት»

ሰንጠረዡ ላይ በ1960ዎቹ ወደ ታች መውረዱ እውነት ነው። የእንግሊዙ ባንድ ቢትልሶች አባላት ግን የእሱ ተማሪዎች ነበሩ። ጆን ሌነን መጀመሪያ መጫወት የተማረው ዘፈን «ኤይንት ዛት ኤ ሼም» ነው። ፖል ማካርትኒ «ሌዲ ማዶና»ን ሲሠራ ፋትስን በአእምሮው ይዞ ነበር፤ ፋትስም በ1968 መልሶ ዘፈነው። በ1986 የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ የመጀመሪያዎቹን ተሸላሚዎች ሲቀበል አንዱ እሱ ነበር።

«በካትሪና አውሎ ነፋስ ሞተ»

በ2005 አውሎ ነፋሱ ኒው ኦርሊንስን ሲመታ ብዙ ሰው ይህን አምኖ ነበር። የባለቤቱ የሮዝሜሪ ጤና ጥሩ ስላልነበረ ሎወር ናይንዝ ዋርድ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር የሚገኘውን ቤታቸውን ትተው አልወጡም፤ ሰፈሩም በጎርፍ ተዋጠ። አንድ ሰው ሞቷል ብሎ ቤቱ ግድግዳ ላይ የስንብት ጽሑፍ በቀለም ጻፈ። እሱ ግን ከቤተሰቡ ጋር ወጥቶ ባተን ሩዥ ከተማ ውስጥ በሰው ቤት ተጠግቶ ነበር። ቤትና ንብረቱ ሄደ። በ2006 «አላይቭ ኤንድ ኪኪን» የተባለውን አልበም አወጣ፤ ገቢውም በጎርፉ የተጎዱ የከተማዋን ሙዚቀኞች ለሚረዳው ለቲፒቲናስ ፋውንዴሽን ነበር። ሜይ 19 ቀን 2007 ቲፒቲናስ ክለብ ውስጥ በሕዝብ ፊት ለመጨረሻ ጊዜ ተጫወተ። ያረፈው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 2017፣ በ89 ዓመቱ ነው።